መርዙ ያልገደላት አይጥ

የማይክሮባዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ስለ ዘጊ አናዳ፣ ማለትም ስለ ዲፍቴሪያ፣ በሚያትቱበት ምዕራፍ ውስጥ ሰው፣ ጊኒ ፒግና ጥንቸል በመርዙ በቀላሉ እንደሚሞቱ፣ አይጥና አይጠ መጎጥ ግን እንደሚቋቋሙት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ይታለፋል። ተማሪው ይሸመድደዋል፤ መምህሩም ለፈተና ያወጣዋል። አንድ ጠያቂ እጁን አውጥቶ ምክንያቱን ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ እንስሳቱ ተፈጥሯዊ የመቋቋም ችሎታ ስላላቸው ነው የሚል ሲሆን፣ ይህም ጥያቄውን ገልብጦ ከማቅረብ አያልፍም። ስለ ባክቴሪያና ስለ መርዞቻቸው በማስተምርባቸው ዓመታት ከዚያ ምዕራፍ ሁሉ ይልቅ የምትመስጠኝ ይህችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ምክንያቱም ከኋላዋ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ምርምር አለ፤ ያ ምርምርም በቤተ ሙከራ እንስሳ ላይ የተገኘን ውጤት እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ከብዙ የሥነ ዘዴ ትምህርት የተሻለ ያሳያል።

ከባክቴሪያ የሚወጣ መርዝ አንድን እንስሳ ለመግደል በርካታ ደረጃዎችን በቅደም ተከተል ማለፍ አለበት። በደም ወይም በነርቭ ተጉዞ ሊጎዳው ከሚችለው ሴል ዘንድ መድረስ፣ በሴሉ ገጽ ላይ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ወይም ቅባት ማግኘት፣ ወደ ውስጥ መዝለቅ፣ ከገባ በኋላም የሚቆርጠውን ወይም የሚያሰናክለውን ነገር ማግኘት ይኖርበታል፤ በመጨረሻም የሴሎቹ መሞት ወይም መቆጣት መላውን አካል የሚጥል መሆን አለበት። ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ መርዙ ከተሰናከለ እንስሳው ይተርፋል። ስለዚህ ሁለት እንስሳት አንድን መርዝ ተቋቋሙ ሲባል የዳኑበት ምክንያት ጨርሶ የማይገናኝ ሊሆን ይችላል፤ መርዙ የቆመው ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ እስካልተነገረ ድረስም እንስሳው ተቋቋመ ማለት ያን ያህል ትርጉም የለውም የሚል እምነት አለኝ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውሼ ከዲፍቴሪያው ልጀምር። በ1884 በርሊን ውስጥ ከሮበርት ኮኽ ጋር ይሠራ የነበረው ፍሪድሪኽ ሌፍለር ባክቴሪያውን ለይቶ ካሳደገ በኋላ በተለያዩ እንስሳት ላይ ሲሞክረው ሁለት ነገሮችን አስተዋለ። የመጀመሪያው፣ ጊኒ ፒጎቹ ሲሞቱ ባክቴሪያው የሚገኘው መርፌው ባረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ ሳለ ከዚያ ርቀው ያሉ የውስጥ አካላት መጎዳታቸው ነው፤ ከዚህም ተነሥቶ ባክቴሪያው በደም የሚሠራጭ መርዝ ሳያመነጭ እንደማይቀር ጠረጠረ። ሁለተኛው፣ አይጦችና አይጠ መጎጦች በዚያው ባክቴሪያ ተወግተው ጤነኛ ሆነው መቆየታቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ኤሚል ሩ እና አሌክሳንደር የርሲን ባክቴሪያው ያደገበትን ሾርባ ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጣርተው፣ አንድም ሕያው ባክቴሪያ የሌለበትን ፈሳሽ ለእንስሳት በመውጋት የሌፍለርን ጥርጣሬ አረጋገጡ። ባክቴሪያው በሾርባው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ የሚጣራው ፈሳሽ ይበልጥ ገዳይ ይሆን ነበር።

በዚህ መርዝ የሞተችን ጊኒ ፒግ ከፍቶ የመረመረ ሰው ያየውን በቀላሉ አይረሳውም። መርፌው ያረፈበት ቆዳ ሥር ውኃ አዝሎ አብጧል፤ በሳንባዎቹ ዙሪያ ፈሳሽ ተጠራቅሟል፤ ከሁሉም በላይ ከኩላሊቶቹ አናት ላይ የሚገኙት ትንንሽ ዕጢዎች፣ በጤና ጊዜ ገርጣ ያሉት፣ አብጠውና ደም ቋጥረው ቀልተዋል። ያንኑ መጠን የተወጋች አይጥ በዚያው ሰዓት ሳጥኗ ውስጥ ሆና እህሏን ትቆረጥማለች። ጊኒ ፒግን ለመግደል ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ክብደቷ ከአንድ ማይክሮግራም አንድ አሥረኛው ገደማ ይበቃል፤ አይጥን ለመግደል ደግሞ ከዚያ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ በሰውነት መጠን፣ በአመጋገብ ወይም በጥንካሬ የሚያስረዱት አይሆንም።

በዚያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ቶሎ የሚመጣው መልስ ደም ነበር። ኤሚል ቤሪንግ በ1888 አይጠ መጎጦች አባ ሰንጋን የሚቋቋሙበትን ምክንያት ሲፈልግ የደማቸው ሴረም የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ በመስታወት ዕቃ ውስጥ እንደሚገድል ተመልክቶ ነበር። በ1890 ደግሞ ከሺባሳቡሮ ኪታሳቶ ጋር ሆኖ፣ መርዙን ቀስ በቀስ እንዲለማመዱ የተደረጉ እንስሳት ደም መርዙን እንደሚያከሽፍና ያ ደም ለሌላ እንስሳ ሲሰጥም ከሞት እንደሚያድን አሳየ፤ በዚህ የሴረም ሕክምና ሥራውም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አገኘ። ይህን የመሰለ ድል ከተገኘ በኋላ አይጥም በተፈጥሮዋ በደሟ ውስጥ ማርከሻ ይኖራታል ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የጤነኛ አይጠ መጎጥ ደም ለጊኒ ፒግ እንዲህ ያለ ጥበቃ አልሰጠም። በመከተብ የሚገኘው መከላከያና ከተፈጥሮ የተገኘው መቋቋም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ግልጽ ቢሆንም፣ የኋለኛው ምክንያት ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ።

ለመቆየቱ አንዱ ምክንያት የሥራው ባሕርይ ይመስለኛል። ፓውል ኤርሊኽ በ1897 የመርዙንና የማርከሻውን መጠን ለመለካት መሥፈርት ሲያወጣ የመለኪያው አሃድ ያደረገው ክብደቷ 250 ግራም የሆነች ጊኒ ፒግን በአራት ቀን ውስጥ የሚገድለውን አነስተኛ መጠን ነበር። ከዚያ በኋላ የዲፍቴሪያ ምርምር በጊኒ ፒግ ዙሪያ ተደራጀ፤ አልሞት ያለች እንስሳ ለመለኪያ ስለማትሆን አይጧ ከሥራው ውጪ ሆነች። ለመድኃኒት ዝግጅት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ለጥያቄያችን መልስ ግን ምንም አላገዘም።

ፍንጩ የተገኘው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሴሎችን ከአካል አውጥቶ በመስታወት ዕቃ ማሳደግ ሲለመድ ነው። የሰውና የጦጣ ሴሎች ጥቂት መርዝ ሲጨመርባቸው ይሞታሉ፤ የአይጥ ሴሎች ግን በዚያው መርዝ ውስጥ ተነክረው ይራባሉ። ስለዚህ መቋቋሙ ከደሙም፣ ከጉበቱም፣ ከኩላሊቱም ሳይሆን ከሴሉ ከራሱ ነው ማለት ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ በአልዊን ፓፐንሃይመር፣ በጆን ኮሊየርና በሌሎችም ሥራ መርዙ ሴሉ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታወቀ፤ ኢኤፍ-2 የተባለውንና ለፕሮቲን ምርት የግድ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ኬሚካላዊ ለውጥ አድርጎበት ከሥራ ውጪ ያደርገዋል፤ ፕሮቲን ማምረት ያቃተው ሴልም ይሞታል። ትኩረት የሚሻው ግን ቀጥሎ የታየው ነው። ሴሎቹ ተሰባብረው ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከመርዙ ንቁ ክፍል ጋር ሲገናኝ የአይጥም ኢኤፍ-2 እንደ ሰው ይሰናከላል። አይጧ በውስጧ የተለየ ጥንካሬ የላትም። በ1978 የጃፓን ተመራማሪዎች የመርዙ ንቁ ክፍል አንድ ሞለኪውል ብቻ ሴሉ ውስጥ ቢገባ ሴሉን ለመግደል እንደሚበቃ አሳይተዋል፤ የአይጥ ሴል ደኅንነት እንግዲህ አንዷም ሞለኪውል እንዳትገባ በማድረግ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በሌላ አነጋገር ቤቱ ምንም መከላከያ የሌለው ሆኖ ሳለ በሩ ብቻ አልከፈት ብሏል።

በሩ የትኛው እንደሆነ የታወቀው በ1992 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ሲሆን፣ ያገኙበትን ዘዴ እስካሁን በአድናቆት እጠቅሰዋለሁ። ተመራማሪዎቹ በመርዙ ክፉኛ ከሚጠቁት የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ የኩላሊት ሴሎች የተገኙ ጂኖችን ወስደው በሚቋቋሙት የአይጥ ሴሎች ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያም ከእነዚህ ሴሎች መካከል መቋቋማቸውን ያጡትን ፈለጉ። ያን ሁሉ ዘመን ለምርምር የማትመች ተብላ የተተወችው እንስሳ ሴሏ እዚህ ላይ ዋናው መፈለጊያ ሆነ፤ ሁሉም በሚሞትበት ዘንድ አዲስ ሟች መለየት አይቻልምና። የተገኘው ጂን ኤችቢ-ኢጂኤፍ የሚባል የዕድገት ፕሮቲን የሚሠራ ነበር። ይህ ፕሮቲን በሴል ገጽ ላይ ተተክሎ የሚገኝ ሲሆን የዘወትር ሥራው ከልብ ዕድገትና ከቁስል መዳን ጋር የተያያዘ ነው፤ መርዙ ለራሱ መግቢያ ያደርገዋል። አይጥም ይኸው ፕሮቲን አላት፤ ነገር ግን መርዙ በሚያርፍበት ክፍል በጥቂት አሚኖ አሲዶች ከሰው ይለያል፤ በተለይም በሰው 141ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ ሲገኝ በአይጥ በዚያው ቦታ ሂስቲዲን ነው ያለው፤ መርዙም አይጣበቅም። ፕሮቲኑ ግን ለአይጧ የዘወትር ሥራውን ሳያጓድል ይሠራላታል።

ይህ እውቀት ከተገኘ በኋላ የአይጧ መቋቋም ራሱ ወደ መሣሪያነት ተቀየረ። በ2001 የጃፓን ተመራማሪዎች የሰውን ተቀባይ ፕሮቲን፣ ማለትም ያን የመርዙን በር፣ በጉበት ሴሎቿ ላይ ብቻ የምታበቅል አይጥ አዘጋጁ፤ ለዚህች አይጥ መርዙ ሲሰጣት የሚሞቱት የጉበት ሴሎቿ ብቻ ናቸው። በዓመቱ በዚሁ ዘዴ ዴንድሪቲክ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ብቻ የሚጠፉባት አይጥ ተሠራች። ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ሴል ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሲፈልጉ የዲፍቴሪያ መርዝ ገዝተው ለእንዲህ ዓይነት አይጦች ይወጋሉ። ለአይጧ ቀሪ አካል ያ መርዝ ከውኃ ብዙም አይለይም፤ መርፌውን ለያዘው ባለሙያ ግን ገዳይ ነው፤ ስለዚህም በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሰው የዲፍቴሪያ ክትባቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁለት ፍጡራን ጓንት የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ የሆነበት ሌላ ሥራ አላውቅም።

ጉዳዩ ከምርምር ክፍል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያም ይደርሳል። የዲፍቴሪያ ክትባት የሚዘጋጀው መርዙን በፎርማሊን በማክሸፍ ሲሆን፣ ዘዴው በ1920ዎቹ በፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን የተቀየሰ ነው። በአገራችን ከ2007 ጀምሮ ሕፃናት የሚወስዱት አምስት በሽታ ተከላካይ ክትባት፣ ፔንታቫለንት የሚባለው፣ ይህን የከሸፈ መርዝ ይዟል። የክትባቱን ደኅንነት የሚያረጋግጥ ሰው መርዙ በሙሉ መክሸፉን ማየት አለበት፤ ይህን ፍተሻ በአይጥ ቢያደርገው ከፊሉ ያልከሸፈ መርዝ እንኳ ቢኖር አይጧ ምንም ሳትሆን ስለምትቀር ክትባቱ ደኅና ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ፍተሻው በጊኒ ፒግ፣ በቅርብ ጊዜ ደግሞ በተቀባዩ ፍለጋ ላይ ባገለገሉት በዚያው የጦጣ ኩላሊት ሴሎች ይደረጋል። ትክክለኛውን እንስሳ መምረጥ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ በ1948 በጃፓን ኪዮቶ ከተማ የደረሰው አደጋ ያሳያል፤ መርዙ በሚገባ ያልከሸፈበት ክትባት ተሰጥቶ በከተማዋ ብቻ ከ60 በላይ ሕፃናት ሞቱ፤ ለፍተሻ የተወሰደው ናሙና ጉድለት ያለበትን ክፍል አልወከለም ነበር።

የመንጋጋ ቆልፍ፣ የቴታነስ ማለት ነው፣ መርዝ ሌላ መልክ አለው። ይህ መርዝ ፈረስን፣ ጊኒ ፒግን፣ አይጥንና ሰውን በናኖግራም በሚቆጠር መጠን ሲገድል ዶሮ ግን እጅግ ብዙ ይወስድባታል። መርዝ የተሰጣት ዶሮ ደም ተቀድቶ ለአይጥ ሲሰጥ አይጧ በመንጋጋ ቆልፍ እንደምትሞት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታይቷል፤ መርዙ ሳይከሽፍ በዶሮዋ ደም ውስጥ እየዞረ ነበር ማለት ነው። ኢልያ ሜችኒኮፍ በኤሊዎች ላይ ሲሞክር ደግሞ መርዙ በደማቸው ውስጥ ለወራት ሳይጠፋ እንደሚቆይ፣ ኤሊዎቹም ሳይታመሙና ማርከሻ ሳያመርቱ እንደሚኖሩ አገኘ። የእንቁራሪቷ ነገር ይበልጥ ያስገርማል። ኩርሞንና ዶዮን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1893 እንዳሳዩት፣ መርዝ የተወጋች እንቁራሪት በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠች ጤነኛ ናት፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደረግ ግን ጡንቻዎቿ ይገተራሉ። እንቁራሪት ቴታነስን ትቋቋማለች ብሎ የሚጽፍ ሰው የክፍሉን ሙቀት አብሮ ካልጻፈ ያቀረበው ግማሽ መረጃ ነው።

ለዶሮዋና ለአይጠ መጎጧ ግን ሙቀት ምክንያት አይሆንም። በ1992 በጣሊያን ፓዶቫ የቼዛሬ ሞንቴኩኮ ቡድን የቴታነስ መርዝ ዚንክ የያዘ ቆራጭ ኤንዛይም መሆኑንና ነርቮች መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን እንዲለቁ የሚያደርገውን ቫምፕ የተባለ ፕሮቲን በአንድ የታወቀ ቦታ ላይ፣ በ76ኛው ግሉታሚንና በ77ኛው ፌኒልአላኒን መካከል፣ እንደሚበጥሰው አሳየ። በዓመቱ ደግሞ ከቫምፕ ዓይነቶች አንደኛው በአይጠ መጎጥና በዶሮ በዚያ ቦታ ላይ በግሉታሚን ፈንታ ቫሊን እንደያዘ ታወቀ። እዚህ ላይ መርዙ ነርቩ ዘንድ ይደርሳል፤ ይጣበቃል፤ ይገባልም፤ ቆራጩ ግን የሚቆርጥበትን ቦታ አያገኝም። አይጠ መጎጥ ሌላውንና የሚቆረጠውን ቫምፕ ጭምር ስለያዘች መቋቋሟ ፍጹም አይደለም፤ መጠኑ በጣም ከጨመረ ትታመማለች። አይጠ መጎጥ እንግዲህ ሁለቱንም መርዞች ትቋቋማለች፤ ዲፍቴሪያን የምታቆመው ከሴሉ ውጪ ሲሆን ቴታነስን ግን ከገባ በኋላ ነው። አይጥ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ትቋቋምና በሁለተኛው በቀላሉ ትሞታለች። እነዚህን አራት ውጤቶች በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ በመደመርና በመቀነስ ምልክት ብቻ ማስፈር ለምን እንደማያረካኝ ከዚህ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ግን የኢንዶቶክሲን ጉዳይ ይከብዳል። ሪካርድ ፋይፈር በ1892 ገደማ ይህን ስም የሰጠው የኮሌራ ባክቴሪያ ከሚለቀው ሳይሆን ከራሱ አካል ጋር ተጣብቆ ለሚገኝና ሙቀት ለማይበግረው መርዝ ነበር፤ ዛሬ የታይፎይድን፣ የኢኮላይንና የመሰሎቻቸውን ውጫዊ ሽፋን የሚሠራ የስብና የስኳር ውሕድ መሆኑ ይታወቃል። በበቂ መጠን የተሰጣት አይጥ በሰዓታት ውስጥ ጸጉሯ ይቆማል፤ ትኮራመታለች፤ ዓይኖቿ ይጨፈናሉ፤ ትቅማጥ ይይዛታል፤ ከዚያ ትሞታለች። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሜይን ግዛት በባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ ሲራባ የነበረ ሲ3ኤች/ሄጄ የተባለ የአይጥ ዝርያ ግን ይህ ሁሉ እንደማይታይበት ተስተዋለ፤ ከዚያው ግንድ ተከፍለው በሌላ ቦታ የሚራቡት ዘመዶቹ እንደማንኛውም አይጥ እየሞቱ እርሱ ብቻ ጤነኛ ነበር። ሚውቴሽኑ በአጋጣሚ በዚያው የተፈጠረ ነው።

ይህ መቋቋም በአንድ ጂን የሚወሰን መሆኑ በ1970ዎቹ ቢታወቅም ጂኑን ለማግኘት እስከ 1998 መጠበቅ ግድ ሆነ። ያገኘው የብሩስ ቦይትለር ቡድን ነው፤ ቦታው አሁንም ዳላስ፣ የዲፍቴሪያ ተቀባይ የተገኘበት ያው የሕክምና ማዕከል ነበር። ጂኑ ቲኤልአር4 የተባለ፣ በፍራፍሬ ዝንብ ከሚታወቀው ቶል ከተባለ ፕሮቲን ጋር የሚዛመድ ተቀባይ የሚሠራ ሲሆን፣ በሲ3ኤች/ሄጄ አይጦች በ712ኛው ቦታ ላይ ፕሮሊን የነበረው በሂስቲዲን ተተክቷል። ኢንዶቶክሲን ቢመጣም ተቀባዩ መልእክቱን ወደ ሴሉ ውስጥ አያስተላልፍም። ቦይትለር በ2011 የኖቤል ሽልማቱን ከዡል ሆፍማንና ከራልፍ ስታይንማን ጋር ተካፍሏል።

ኢንዶቶክሲንን ከሌሎቹ የሚለየው እርሱ ራሱ ሴል የማይበጥስና ፕሮቲን የማይቆርጥ መሆኑ ነው። ገዳዩ የእንስሳው የራሱ ምላሽ ነው፤ ማክሮፌጅ የተባሉት ሴሎች ባክቴሪያ ገባ ብለው ቲኤንኤፍ የተባለውን የማንቂያ ፕሮቲንና መሰሎቹን በብዛት ሲለቁ የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ግፊት ይወድቃል። የሲ3ኤች/ሄጄ አይጥ መቅኒ በጨረር ጠፍቶ የተለመደው ዘመዷ መቅኒ ሲተካላት ኢንዶቶክሲን ይገድላት ጀመር፤ የሚሞተው አካል ያው ሆኖ ሳለ የተለወጡት ከመቅኒ የሚፈልቁት ሴሎች ብቻ ናቸው። ይህች መርዝ የማይነካት አይጥ ሕያው ሳልሞኔላ ሲሰጣት ደግሞ ሌሎች አይጦች በሚቋቋሙት ጥቂት ባክቴሪያ ትሞታለች፤ ማንቂያውን የማይሰማ አካል መከላከያውን በጊዜ አያሰልፍምና። መርዙን መቋቋም ለበሽታው መጋለጥ ሆኖ የተገኘበት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

በዚህ ላይ የአይጥና የሰው ልዩነት ይጨመራል። ፈቃደኛ የሆነ ጤነኛ ሰው በኪሎግራም ከ2 እስከ 4 ናኖግራም ኢንዶቶክሲን በደም ሥሩ ሲሰጠው ያንቀጠቅጠዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ተራ አይጥን ለመግደል ግን በሚሊግራም የሚቆጠር መጠን ያስፈልጋል። ትኩሳትን ከሞት ጋር ማነጻጸር ትክክለኛ ሚዛን ባይሆንም ክፍተቱ በሚሊዮን የሚቆጠር መሆኑ ችላ የሚባል አይደለም። በደም ሥር የሚሰጡ ፈሳሾች ትኩሳት የሚያስነሣ ነገር እንደሌለባቸው የሚፈተሹት ለረጅም ጊዜ በጥንቸል የሆነውም ጥንቸል ለኢንዶቶክሲን ያላት ስሜት ለሰው ስለሚቀርብ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የአይጧን ግትርነት ለመስበር ጋላክቶሳሚን የተባለ ጉበትን የሚያደክም ኬሚካል አብረው ይሰጧታል፤ ያን ጊዜ በሺዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ትሞታለች። ነገር ግን የምትሞተው በጉበቷ መውደም ስለሆነ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከምናየው ሕመም ጋር ያለው ዝምድና አጠያያቂ ነው። እንስሳውን ተጋላጭ ማድረግና በሽታውን ማስመሰል አንድ አይደሉም።

አባ ሰንጋም ይህንኑ ሁኔታ ያሳያል። የባክቴሪያውን ገዳይ መርዝ በደም ሥሩ የተሰጠው ፊሸር የተባለው የአይጠ መጎጥ ዝርያ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሊሞት ይችላል፤ ሌሎች የአይጠ መጎጥ ዝርያዎች በዚያው መጠን ይተርፋሉ። ልዩነቱ ኤንኤልአርፒ1 በሚባለው የጂን ቤተሰብ ላይ ነው፤ በአይጦችም ዘንድ ይኸው ቤተሰብ የማክሮፌጆችን ዕጣ ይወስናል። ማክሮፌጆቻቸው በመርዙ ወዲያው የሚፈነዱት አይጦች ግን ባክቴሪያውን ስፖር በሚባለው የእንቅልፍ መልኩ ሲወጉ ከሌሎቹ ይልቅ ይድናሉ፤ የሴሎቹ መፈንዳት ራሱ ማንቂያ ሆኖ ያገለግላቸዋል። በአገራችን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚያመርተው የአባ ሰንጋ ክትባት ሽፋኑን ያጣ፣ መርዙን ግን ማመንጨት ያላቆመ ሕያው ባክቴሪያ ነው፤ ከብት በደኅና ሲቀበለው በፍየሎች ላይ አንዳንድ ጊዜ ጠንከር ያለ እብጠትና ሕመም መታየቱ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው።

ስለ ኮሌራ ባጭሩ ላንሣ። ኮኽ በ1883 ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም ወደ ካልካታ በሄደ ጊዜ እንስሳትን በኮሌራ ማሳመም አልተቻለውም፤ ከዚያም በኋላ መርዙን ከቆዳ ሥር ወይም በደም የሚወጉ ሁሉ ለአሥርት ዓመታት የተሳሳተ ነገር ሲለኩ ኖሩ። ሳምቡ ናት ዴ በካልካታ በ1950ዎቹ የጥንቸልን ትንሹ አንጀት በክር አስሮ በታሰረው ክፍል ውስጥ ባክቴሪያውን፣ በ1959 ደግሞ የተጣራውን ፈሳሽ ብቻ ሲያስገባ አንጀቱ በውኃ ተነፋ። ጥንቸሏ መርዙን ተቋቁማ አታውቅም ነበር፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ የሞከረ ሰው ነበር የጠፋው።

በቅርቡ ያነጋገረው ደግሞ የስታፊሎኮከስ መርዝ የሆነው ፒቪኤል ነው። በ2000ዎቹ የቆዳና የሳንባ ቁስል የሚያስከትሉ፣ መድኃኒት የተላመዱ የባክቴሪያው ዝርያዎች ይህን መርዝ ይዘው ሲገኙ የበሽታው ክብደት ከእርሱ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በአይጥ ላይ ተሞከረ፤ አንዱ ቤተ ሙከራ ነው ሲል ሌላው አይደለም አለ፤ ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። በ2013 መርዙ በነጭ የደም ሴሎች ላይ የሚጣበቀው ሲ5ኤ በተባለው ሞለኪውል ተቀባይ ላይ እንደሆነ፣ በሰውና በጥንቸል ተቀባይ ላይ እንደሚሠራና በአይጥ ተቀባይ ላይ እንደማይሠራ ታየ። የሰውና የጥንቸል ነጭ የደም ሴሎች በዚህ መርዝ እንደሚጠቁ፣ የሌሎቹ የተፈተኑ እንስሳት ግን እንደማይነኩ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ታትሞ ይነበብ ነበር።